«ወርልድ ዊዛውት ኤንድ»፦ የማያልቀው ዓለሙ ነው ዘመኑ?

እንግሊዞች ጸሎት ሲያሳርጉ «ወርልድ ዊዛውት ኤንድ፣ አሜን» ይላሉ። ቃል በቃል ብንመልሰው «መጨረሻ የሌለው ዓለም» ይሆናል። ታዲያ ይቺው ቤተ ክርስቲያን ዓለም አላፊ ነው፣ ፍጻሜው ይመጣል ብላ አይደል የምታስተምረው? መጀመሪያ ስሰማው ተርጓሚው ስቷል ብዬ ነበር። የሳትኩት እኔ ነኝ።

«ወርልድ» ሁለት የጥንት ቃላት ተጋጥመው የወጣ ነው። «ወር» ሰው፣ በተለይም ወንድ ማለት ነበር (የእኛ ሠላሳ ቀን እንዳይመስላችሁ)። ብቻውን ከቆመ ከእንግሊዝኛ ከጠፋ ቆይቷል፤ «ወርዉልፍ» በሚባለው፣ ሌሊት ተኩላ ይሆናል በሚሉት ሰው ስም ውስጥ ግን ተሸሽጎ ቀርቷል። ሁለተኛው «አልድ» ዕድሜ፣ ዘመን ነው፤ «ኦልድ» የሚለው ቃል ዘመዱ ነው። ስለዚህ «ወርልድ» ከሥሩ «የሰው ዕድሜ» ማለት ነው። ከዕድሜው ወደ ኑሮው፣ ከኑሮው ወደሚኖርባት ምድር ተሻገረ። አይስላንዶች ዓለምን ዛሬም «ቬሮልድ» ይላሉ፤ «ኦልድ» ለእነርሱ እስካሁን ዘመን፣ ምዕተ ዓመት ነው።

የእንግሊዝ መነኮሳት ይህን ቃል የመረጡት ከላቲኑ የጸሎት መዝጊያ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» (ለዘመናት ዘመን) ጋር ስለገጠመላቸው ነው። «ሴኩሉም» ለሮማውያን አንድ ሰው ሊኖር የሚችለው ረጅሙ ዕድሜ ነበር። በሴኩሉም አንዴ በሚከበረው በዓል አዋጅ ነጋሪው «ማንም አይቶት የማያውቀውን፣ ዳግምም የማያየውን» ጨዋታ ኑና እዩ እያለ ይጣራል። የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17 ዓመት አከበረው። ሌላው ቄሣር ቀላውዴዎስ ደግሞ ስሌቱን ቀይሮ እ.ኤ.አ. በ47 ሲደግመው አዋጁ ሕዝቡን አሳቀ፤ የፊተኛውን በዓል ያዩ ሰዎች በሕይወት ነበሩና። እንዲያውም ያኔ የተወኑ ተዋንያን እንደገና ወጥተው ተወኑ።

እ.ኤ.አ. በ1549 በሊቀ ጳጳሱ በቶማስ ክራንመር መሪነት የተዘጋጀው የእንግሊዝ የጸሎት መጽሐፍ «ወርልድ ዊዛውት ኤንድ»ን በየአፉ አስገባው።

ለእኛ መፍቻው ከደጃችን ነበር። በግእዙ «ለዓለመ ዓለም» ስንል ማን አፈርና ድንጋይ ያስባል? የ«ዓለም» ዘመድ የሆነው የዕብራይስጡ «ዖላም» በብሉይ ኪዳን አብዛኛውን ጊዜ ዘመንን እንጂ ምድርን አይናገርም። «ዘላለም»ም ብትፈቱት ዘ፣ ለ እና ዓለም ነው፤ ሦስት ቁራጭ አንድ ላይ የተሰፋ። እንግሊዝኛው ዘመንነቱን ረሳ፣ አማርኛ ሁለቱንም ይዞ ዘለቀ፤ ለእኔ የእኛው ይሻላል።

ሼክስፒርም «ወርልድ ዊዛውት ኤንድ»ን ከጸሎት አውጥቶ ለፍቅር አውሎታል። በ1609 በታተመ አንድ ሶኔቱ (ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥሙ) ውስጥ ሦስቱን ቃላት አጣብቆ የአንዲት ሰዓት ቅጽል አደረጋቸው፦ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል የሚወደውን የሚጠብቅ ሰው ሰዓት።