«ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጊው» እና ሌሎች የማይረዱ ምክሮች

አዲስ ላፕቶፕ ይገዛል። የድሮው የሂሳብ ወይም የደመወዝ ፕሮግራም ይጫንበታል። ሲከፈት ግን ወይ ጽሑፉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ወይ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ስክሪኑ ላይ መደፋት ያስፈልጋል። ከዚያ አይቲው ጋ ይደወላል፤ መልሱም ያው ነው። የቆዩ የቢሮ ፕሮግራሞችን ማደስ እንጀራዬ ስለሆነ እነዚህን መልሶች ስሰማ ነው የምውለው። በእውነት ሰልችቶኛል።

«ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጊው፣ ይስተካከላል።»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን የነጥቦቹ (የፒክሰሎቹ) ብዛት ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀ ጉዳይ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ ያለውን ስክሪን «1366 በ768 አሳይ» ብትሉት ነጥቦቹ አይቀንሱም። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ 1.4 ነጥብ ተለጥጦ ይሳላል እንጂ። ነጥብ ደግሞ ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ የፊደሉ ጠርዝ በግራጫ ይሞላል። እስከዚያ ደብዛዛ የነበረው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ነበር። አሁን ኤክሴሉም፣ ኢሜይሉም፣ ሁሉም ደበዘዘ። ይህን መፍትሔ ብሎ ስልክ መዝጋት ያሳፍራል።

ምክንያቱን ላስረዳ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተጻፉት ስክሪን ሁሉ በአንድ ኢንች 96 ነጥብ አለው ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መስኮት መሥሪያ) አንድ በተን ፎርሙ ማለትም መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ መጠኑ 75 በ23 ነጥብ ነው። በድሮው ስክሪን ይህ ወርዱ 2 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ 1920 በ1080 ሲሆን ግን በአንድ ኢንች 157 ነጥብ ገደማ አለው። እዚያ ላይ ያው በተን ቁመቱ ከ4 ሚሊሜትር ያንሳል። ባለ 15.6 ኢንች ፎርኬ (3840 በ2160 ነጥብ) ስክሪን ላይ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የምትመዘግብ ልጅ 2 ሚሊሜትር ላይ ማውዝ እያነጣጠረች ትዋል?

ዊንዶውስ ይህን ያውቃል። ከ2007ቱ ቪስታ ጀምሮ፣ «ስክሪኑ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑን አውቃለሁ» ብሎ ላላስመዘገበ ፕሮግራም ስክሪኑ አሁንም 96 እንደሆነ ይነግረዋል። ፕሮግራሙ በዚያ ልክ ይሳላል። ዊንዶውስ ከዚያ ምስሉን ይለጥጠዋል። ጭጋጉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ መደብዘዝና ማነስ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የደበዘዘው ፕሮግራም አውቃለሁ አላለም። ያነሰው አውቃለሁ ብሎ ራሱን አላሰፋም። ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ ደብዝዟል ወይስ አንሷል? አንዳንድ ፕሮግራመሮች የማስመዝገቢያዋን መስመር ብቻ ይጨምሩና «አለቀ» ይላሉ። ጭጋጉ ይጠፋል፣ እውነት ነው። ግን ፊደሉ በፖይንት (ከስክሪን ነጥብ ጋር ባልታሰረ የፊደል መለኪያ) ስለሚለካ ያድጋል፤ ሳጥኑ በነጥብ ስለሚለካ ባለበት ይቀራል። «ጠቅላላ ድምር» የነበረው «ጠቅላላ ድ» ሆኖ ይቆረጣል። ሳጥኑም አብሮ እንዲያድግ እያንዳንዱ ፎርም ተከፍቶ መስተካከል አለበት። ሌላ አቋራጭ የለውም።

እስከዚያው ለሚቸገር ሰው፦ የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ። ታች ያለውን ኦቨርራይድ ምልክት አድርጉና «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ምረጡ። ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ አለ። ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ላይ ጽሑፉን ጥርት ያደርገዋል። አይከኖችና ሎጎዎች እንደደበዘዙ ይቀራሉ፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ካልሠራ ምልክቱን አንስታችሁ መመለስ ነው።

«ምቾት ነው እንጂ ሥራ አያስቆምም።»

ደብዛዛ 8 እና ደብዛዛ 3 ደመወዝ ሰነድ ላይ ሲቀያየሩ ምቾት አይባልም።

«በኤኒዴስክ ገብቼ አየሁት፣ ምንም የለውም።»

ኤኒዴስክ የሌላን ሰው ስክሪን ከሩቅ ማያ ፕሮግራም ነው፤ ያየኸው ግን በራስህ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ነው። የደንበኛው ስክሪን ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ኤኒዴስክ አያሳይህም። ስክሪንሾትም ያው ነው።

እኔ የምጠይቀው በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። «ስክሪኑ አጠገብ እስክሪብቶ ያስቀምጡና አብረው ያንሱልኝ» እላለሁ። እስክሪብቶው ካለ የፊደሉ ቁመት ይገባኛል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ጭጋጉ ከፕሮግራሙ ይሁን ከቴሌግራም አይለይም። ሌላው ጥያቄ ዊንዶውሱ ላይ ያለው ስኬል (ማሳያውን የሚያጎላበት መጠን) ስንት በመቶ ነው የሚል ነው። ብዙዎቻችን የምንሞክረው በ100 እና በ200 ነው፤ ቁጥሩ ስለማይሰባበር ሁሉም ያምራል። ደንበኛው ጋ ያለው ግን 125 ነው። 23 ነጥብ በ125 በመቶ 28.75 ይሆናል። መስመር የሚጠፋው፣ ሳጥን ከሳጥን የሚነባበረው እዚያ ላይ ነው።

«ካልተናገሩ ችግር የለም ማለት ነው።»

አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ኃላፊዋ በየጠዋቱ የትላንቱን መዝገብ ፕሪንት ያደርጉ ነበር። ቢሮው ወረቀት በዛ ብሎ ያጉረመርማል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሥራቸውን ስከታተል ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረጉ ያመሳክራሉ፤ ስክሪኑን ዞር ብለው አያዩትም። «ዓይኔ ደክሞ ነው ልጄ፣ መነጽርም ቀይሬ ነበር» አሉኝ። ላፕቶፑ ከተቀየረ ወዲህ እንደሆነ ልብ አላሉትም ነበር። ችግሩን ለማንም አላመለከቱም፤ የራሳቸው መስሏቸዋላ! ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ዝም ብለው ሲለፉ ማየት ያሳዝነኛል። ቅሬታ የሚጽፈው ወጣቱ ነው። የእሳቸውን ቅሬታ ሄዶ አጠገባቸው በመቀመጥ ብቻ ነው ማግኘት የሚቻለው።

«እሺ፣ የጠየቁትን መሥራት ነው።»

ይሄም ስህተት ነው። «ፊደሉን አሳድጉልን» ሲባል ሁሉንም ብታሳድገው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ረድፍ ይቀንሳል፤ ያኔ ሂሳብ ክፍሉ ይጮኻል። ደመወዝ የሚሠራ ሰው መሠረታዊ ደመወዙን፣ ግብሩን፣ የጡረታውን 7 በመቶና 11 በመቶ፣ የተጣራውን በአንድ እይታ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠይቁ፦ የትኛው ፊደል? ምን እየሠሩ ሳለ? አንድ መጋዘን ውስጥ መልሱ የዕቃው ኮድና ብዛት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስክሪኑ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ዕቃ ተሸክሞ ቆሞ ነው የሚያየው። ሁለት ዓምድ ሰፋ፣ ሌላው ባለበት ቆየ።

«ዘመናዊ ለማድረግ ሁሉንም እንቀይር።»

ኪቦርዱን አትንኩ። ካሸሯ ኤፍ5ን የምትጫነው በጣቷ እንጂ በዓይኗ አይደለም። ታብ ሲጫን ወዴት እንደሚሄድም እንደነበረ ይቆይ።

«ያረጀ ነው፣ ከዜሮ እንጻፈው።»

ኮዱ ውስጥ የጳጉሜ አቆጣጠር አለ፣ የግብር ስሌት አለ፣ ማንም ወረቀት ላይ ያላሰፈረው የቢሮው ልማድ አለ። ሳጥኑ ስለጠበበ ይህን ሁሉ መጣል የለብንም። ቀኑን ሙሉ ከሚከፈቱት ጥቂት ፎርሞች ጀምሩ። በዓመት አንዴ የሚከፈተው ይቆይ።

«እንግሊዝኛው ከተነበበ አማርኛውም ይነበባል።»

አይነበብም። በላቲን ፊደል 8 ፖይንት ይበቃ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ኚ»ን እና «ኜ»ን፣ «ጪ»ን እና «ጬ»ን በዚያ መጠን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የሠራተኛ ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ቢያንስ 11 ፖይንት አድርጉት። ፎንቱንም ምረጡ፤ ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፣ ደግሞም በተመሳሳይ ፖይንት ከሌሎቹ አነስ ብሎ ይታያል።

«አልቋል፣ ዛሬውኑ ለሁሉም እንጫን።»

ሰኔ ከሆነ በፍጹም። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምርበት ቢሮ ሰኔ ላይ ሂሳብ እየዘጋ ነው፤ ያን ሰሞን የበተን ቦታ የሚቀይር ሰው ምርቃት አይጠብቅ። መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ሰው ስጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ መነጽር የሚያደርግ ይሁን። አሮጌው አይከን ለአንድ ወር ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ። በወሩ መጨረሻ ማን አሮጌውን እንደከፈተ እዩና ሄዳችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።