ስለ ጥቁር ነርሶች ማኅበራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በአሜሪካ ጥቁር ነርሶች ለብቻቸው መደራጀታቸው መለያየትን ያመጣል።»

ይህን የሚሉ ሰዎች በሩን መጀመሪያ የዘጋው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነበር። ማርታ ፍራንክሊን በ1908 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ የጥቁር ምሩቃን ነርሶችን ብሔራዊ ማኅበር ስታቋቁም፣ የደቡብ ግዛቶች የነርሶች ማኅበራት ጥቁር ነርስ አይቀበሉም ነበር። በኋላ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር አባልነቱን ሲፈቅድ፣ ይኸው ማኅበር በ1951 በፈቃዱ ፈርሶ ተቀላቀለ። መለያየት የፈለገ እንዲህ አያደርግም። የጥቁሩ ሕዝብ ጤና አሁንም ተገቢውን ትኩረት አላገኘም ያሉ ነርሶች በ1971 ብሔራዊ የጥቁር ነርሶች ማኅበርን መሠረቱ።

«የነርስ እጥረት ሲበረታ ቀለም ይረሳል።»

አልተረሳም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መጀመሪያ የፈቀደው ለ56 ጥቁር ነርሶች ብቻ ነበር። ከእነሱም መካከል የተማረኩ የጀርመን ወታደሮችን እንዲያስታምሙ የተመደቡ ነበሩ፤ ለአገሯ ቁስለኛ ልትደርስ ለተመዘገበች ነርስ ይህ ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያዳግትም። በጃንዋሪ 1945 መንግሥት ነርሶችን በግዳጅ ሊመለምል ሲነሣ፣ የጥቁር ምሩቃን ነርሶች ማኅበር መሪ ሜብል ስቶፐርስ በስብሰባ መካከል ተነሥታ፣ ፈቃደኛ ጥቁር ነርሶች ደጅ እየጠኑ ግዳጁ ለምን እንዳስፈለገ የጦሩን የሕክምና አዛዥ በግልጽ ጠየቀች። የተቃውሞ ቴሌግራም ወደ ዋይት ሀውስ ጎረፈ። ኮታው በዚያው ወር ተነሣ።

«የሕክምና መሣሪያ ቀለም አይለይም።»

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ጥቁረት ሊያሳስተው ይችላል። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው የኦክስጅን መውረድን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚሠሩ ሐበሻ ነርሶችንም፣ እዚያ የሚታከሙ ወላጆቻችንንም ይመለከታል። ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ታካሚው ትንፋሽ አጠረኝ ካለ በደም ምርመራ ይጣራ።

«ጥቁር እናቶች በወሊድ የሚሞቱት ድሆች ስለሆኑ ነው።»

ድህነት ይጎዳል፤ ብቻውን ግን አያስረዳም። በአሜሪካ የኮሌጅ ዲግሪ ያላት ጥቁር ሴት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድሏ ሁለተኛ ደረጃን ካልጨረሰች ነጭ ሴት እንኳ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ነው ጥቁር ነርሶች እናቶች ይደመጡ ብለው አጥብቀው የሚከራከሩት። ከወለደች በኋላ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ የያዛት እናት ድካም ነው ተብላ መሸኘት የለባትም፤ የደም ግፊቷ ወዲያውኑ ይለካ።