ዳታ ሪከቨሪ ምንድን ነው? ቦርድ መቀየርስ ለምን አይበቃም?

ኮዬ ፈጬ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ባመሸ ማግስት፣ ሱቄ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የማይነሳ ዴስክቶፕ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ፓወር ሰፕላይ። ሰሞኑን ግን ሌላ ነገር በዝቷል፤ የራሱ ቦርድ (ከሥሩ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተፈትቶ የሌላ ዲስክ ቦርድ የተገጠመበት ሃርድ ዲስክ። «ዳታ ሪከቨሪ ሞክረን እምቢ አለን» ይላሉ ባለቤቶቹ። ከየት አመጣችሁት ስላቸው አንድ ቪዲዮ ይከፍቱልኛል። ሰውየው በሙሉ ልብ «ዲስኩን ኤሌክትሪክ ከመታው ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጋችሁ ቦርዱን መግጠም ነው፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳታ ሪከቨሪ ዕቃ መጠገን አይደለም። ውስጡ ያለውን ፋይል አውጥቶ ጤነኛ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዲስኩ ለጥቂት ሰዓት ነፍስ ዘርቶ፣ ፋይሉ ወጥቶ፣ ከዚያ ቢጣል ሥራው ተሳክቷል። ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነስቶ የመመረቂያ ጽሑፉ ከሌለ ግን ምንም አልተሠራም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የተመታው የቱ ነው?» የሚለው ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት መሆን አለበት። ምሰሶ ላይ ኒውትራሉ (የመመለሻ ሽቦው) ሲበጠስ ግን ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ቤት ሊገባ ይችላል። ቀድሞ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱ ሞቶ ሌላውን ያተርፋል። «ኮምፒውተሬ ተቃጠለ» ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ዲስኩን አውልቄ ሌላ ማሽን ላይ ስሰካው ፋይሉ አንድም ሳይነካ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የዲስኩ የራሱ ቦርድ ሲመታ ነው። የቪዲዮው ሰውዬ የሳተውም እዚህ ጋ ነው። ሃርድ ዲስክን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አስቡት። ዕቃው ያለው መደርደሪያው ላይ ነው፤ መደርደሪያው ውስጥ የሚሽከረከሩት ሳህኖች ናቸው። ቦርዱ ደግሞ የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። ኃላፊው ቢታመም ዕቃው የትም አልሄደም። ግን ከሌላ ቅርንጫፍ በደረጃም በደመወዝም እኩል የሆነ ሰው አምጥታችሁ ብታስቀምጡ ምን ያደርጋል? የትኛው በር ገፋ ተደርጎ እንደሚከፈት፣ የትኛው መደርደሪያ ዘመም እንዳለ አያውቅም። የቀድሞው ኃላፊ ይህን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። ያ ማስታወሻ ሳይሰጠው የገባ ሰው ሲደናበር ይውላል።

ማስታወሻው ቦርዱ ላይ ያለች ባለ ስምንት እግር ቺፕ ናት፤ ሮም እንላታለን። ፋብሪካው እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻ ፈትሾ፣ የዚያን ዲስክ ሄዶች (ከሳህኖቹ ላይ የሚያነቡትና የሚጽፉት ክፍሎች) ልኬት እዚያ ይጽፋል። ሁለት ዲስኮች ሞዴላቸውም የተመረቱበት ቀንም አንድ ቢሆን ልኬታቸው አንድ አይደለም። በድሮዎቹ ዲስኮች ቦርድ መቀያየር ብቻውን ይሠራ ነበር፤ ምክሩ የተረፈው ከዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ቺፗን በሆት ኤር (በሞቃት አየር መሣሪያ) አንስቶ አዲሱ ቦርድ ላይ መበየድ፣ ወይም ውስጧ ያለውን አንብቦ መገልበጥ ግድ ነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ ቺፗ ለብቻዋ የለችም፤ መረጃው ዋናው ቺፕ ውስጥ ነው። እባካችሁ፣ የተቃጠለውን ቦርድ አትጣሉ።

ደግሞ ቦርድ መቀየር ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ፎቶ ቤት ያለው አንድ ልጅ «ሞቷል» የተባለ ዲስክ አመጣልኝ። ዲስኩ ሲሰካ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ሲነቀል ይነሳል። ቦርዱን ፈትቼ ገለበጥኩት። ከፓወር መሰኪያው አጠገብ፣ 12 ቮልት መስመር ላይ፣ ጥቁር ዳዮድ አለች። በመልቲሜትር ስለካት ዜሮ ኦም አካባቢ፤ ሾርት ሆናለች፣ ኤሌክትሪኩ ሳይገታ ያልፍባታል ማለት ነው። ሥራዋ ቮልት ሲበዛ ራሷን ሾርት አድርጋ ቦርዱን ማዳን ነው። ፓወር ሰፕላዩም ሾርት ሲያይ አልነሳም ይላል። በካውያ አነሳኋት፤ መስመሩ ላይ ሌላ ሾርት አለመኖሩን ለካሁ፤ በጤነኛ ፓወር ሰፕላይ አስነሳሁት። የሠርግ ቪዲዮዎቹ በሙሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያን ዲስክ መጠቀም አይገባም፤ መከላከያ የለውም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሠራው በ5 ቮልት ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ የ12 ቮልቷን ዳዮድ አትፈልጉ።

«ሪከቨሪ ሶፍትዌር ጫንበት» ለሚሉኝም፦ ባይኦስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዕቃዎቹን የሚለየው ፕሮግራም) ያላየውን ዲስክ ሶፍትዌር አያየውም። ቮልቱ አልፎ ውስጥ ሄዶቹ ጋ ያለውን ቺፕ ከመታ ደግሞ ዲስኩ የሚከፈተው ከአቧራ በተጠበቀ ቦታ ነው። ሄዱ ከሳህኑ የሚርቀው በናኖሜትር ነው። ቤት ውስጥ የተከፈተ ዲስክ ስቀበል በጣም አዝናለሁ።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ ፋይሉን ሜሞሪ ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ሲሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ ኃላፊው ዕቃውን እሱ ብቻ በሚያውቀው ቅደም ተከተል በትኖ አስቀምጦታል፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቷል። ስለዚህ ሜሞሪ ቺፖቹን ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ መበየድ ፋይል አያመጣም። የሚሞከረው ያንኑ ቦርድ፣ ከእነ ዋናው ቺፕ፣ ማስነሳት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጡ አብዛኞቹ ማክቡኮችም እንደዚያው ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋው መከላከያ) በርቶ ከነበረ፣ ጤነኛ ዲስክ እንኳ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉን ዛሬ፣ ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ አዲስ ስትገዙ፣ የድሮውን ገመድ ለመፍታት ሰንፋችሁ እንዳለ አትተዉት። መሰኪያው ልክክ ብሎ ይገባል፤ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። 5 ቮልት በሚጠብቀው መስመር 12 ቮልት ይገባና፣ ከመብራቱ የተረፈው ዲስክ በገመድ ይቃጠላል። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ይዞት የመጣውን ገመድ ብቻ ተጠቀሙ።