ኤስኤምቢ 1 ምንድን ነው? ለምንስ የሁሉ ችግር መድኃኒት ተደረገ?

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ በሊኑክስ ወይም በማክ ላይ ሼር የተደረገ ፎልደር መክፈት ያቃተው ሰው ምክር በጠየቀ ቁጥር፣ «ኤስኤምቢ 1ን አብራው» የሚል መልስ ሳይሰጠው አይቀርም። መልሱ የሚሰጠው ችግሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጣራ በመሆኑ፣ ኤስኤምቢ 1 ምን እንደሆነ፣ በተለይም ምን እንዳልሆነ፣ ዘርዘር አድርጎ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ኤስኤምቢ አንድ ኮምፒውተር በኔትወርክ አማካይነት የሌላውን ፋይል እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚያስችል ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ደንብ ነው። መሠረቱ በ1980ዎቹ በአይቢኤም ተጥሎ በማይክሮሶፍት ያደገ ሲሆን፣ አንድሩ ትሪጅል በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ መጻፍ የጀመረው፣ በኋላም ሳምባ የተባለው ሶፍትዌር ሊኑክስና ሌሎች ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች በዚሁ ፕሮቶኮል እንዲሠሩ አስችሏል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤስኤምቢ 1 የዚህ ፕሮቶኮል የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2006፣ ሦስተኛው ከዊንዶውስ 8 ጋር በ2012 መጥተዋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ሁለቱም ከሚያውቋቸው ትውልዶች መካከል ከፍተኛውን መምረጥ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 ዛሬ ከሚሠራጭ ሳምባ ጋር ሲገናኝ፣ ኤስኤምቢ 1 በርቶም ይሁን ጠፍቶ፣ ግንኙነቱ የሚካሄደው የሦስተኛው ትውልድ እትም በሆነው በ3.1.1 ነው። የይለፍ ቃል ተቀባይነት ያጣበት ወይም ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት የመጣበት ሰው ኤስኤምቢ 1ን ቢያበራ፣ ግንኙነቱ የማይጠቀምበትን ነገር ነው ያበራው።

«እኔ ግን አብርቼው ሠርቶልኛል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይህ ሰው ውሸት አልተናገረም፤ የሠራለት ግን የፋይል ልውውጡ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች «ኔትወርክ» በሚለው መስኮት ውስጥ የኮምፒውተሮችን ስም የሚዘረዝረው አገልግሎት ሥራውን የሚያከናውነው በኤስኤምቢ 1 ላይ ተንጠላጥሎ ስለነበር፣ ኤስኤምቢ 1 ሲጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ጠፋ። ነገሩን ብዙ ቢሮዎች ባሉበት ሕንፃ ልንመስለው እንችላለን። መግቢያው ላይ የነበረው ታፔላ ቢወድቅ ቢሮዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ሦስተኛ ፎቅ ቁጥር 12 መሆኑን የሚያውቅ ባለጉዳይ በቀጥታ ሄዶ ማንኳኳት ይችላል። ኤስኤምቢ 1ን ማብራት ታፔላው ስለወደቀ የጓሮውን አሮጌ በር ከፍቶ እንደመተው ነው። ታፔላውን አንብቦ ቢሮው በር ላይ የደረሰ ሰውም ቢሆን ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቀዋል፤ ከገባ በኋላም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የትኛውን ፋይል ማየት እንደሚፈቀድለት ይወስናል። ታፔላው፣ ጥበቃውና መዝገብ ቤቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ሼሪንጉ እምቢ አለኝ» የሚለው አቤቱታ ግን ሦስቱንም አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

ዛሬ ዊንዶውስ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደብሊው-ኤስ-ዲስከቨሪ በተባለ ሌላ ዘዴ ሲሆን ማክ የሚጠቀመው ቦንዡርን፣ ብዙዎቹ ሊኑክሶች ደግሞ አቫሂን ነው። ሳምባ በራሱ የዊንዶውስን አዲሱን ዘዴ ስለማያውቅ የሊኑክሱ ማሽን በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አለመታየቱ የሚጠበቅ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። እንዲታይ የፈለገ ሰው በሊኑክሱ ላይ ደብሊው-ኤስ-ዲ-ዲ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ይጫን። የሚያሳዝነው ግን ይህን ትቶ የሳምባን ዝቅተኛ ፕሮቶኮል ወደ «ኤንቲ 1» (ሳምባ ኤስኤምቢ 1ን የሚጠራበት ስም ነው) የሚያወርደው ሰው ቁጥር ብዙ ነው፤ የሳምባ አዘጋጆች ኤስኤምቢ 1ን ከ2019 ጀምሮ አጥፍተው የሚያሠራጩት ግን ያለምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ዝርዝሩን መተው ነው። በዊንዶውስ የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ባክስላሽ ጽፎ የሌላውን ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ማስከተል ይበቃል። የይለፍ ቃል ጠይቆ ካስገባ ችግሩ የታፔላ ብቻ ነበር ማለት ነው። ምንም መልስ ከሌለ ኤስኤምቢ የሚገባበት በር፣ ማለትም የ445 ፖርት፣ ክፍት መሆኑ ይታይ፤ ሼር ያደረገው ማሽን ዊንዶውስ ከሆነም ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ፋየርዎሉ በሩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

የይለፍ ቃሉ ተጠይቆ ተቀባይነት ካላገኘ ነገሩ የጥበቃው ነው። ሳምባ ከሊኑክሱ የተለየ የራሱ የይለፍ ቃል መዝገብ ስላለው፣ ተጠቃሚው ሊኑክሱ ላይ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። ሼር ያደረገው ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን የምንከፍትበት ፒን በኔትወርክ ላይ አይሠራም፤ የሚሠራው የአካውንቱ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ሰርቨር በሁለት የተለያዩ የተጠቃሚ ስሞች በአንድ ጊዜ መገናኘትን ስለማይፈቅድም፣ አስቀድሞ በተሳሳተ ስም የተከፈተ ግንኙነት ካለ ትክክለኛው ስም ሊገፋ ይችላል። ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን ደግሞ የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 እትም በነባሪነት ከልክሏል፤ እንደ እኔ ፍርድ ክልከላውን ከማንሳት ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው ስም መክፈት ይሻላል።

ከተገቡ በኋላ አንዳንዱ ፋይል ብቻ እምቢ ሲል በዊንዶውስ የሼሩ ፈቃድና የዲስኩ ፈቃድ ሁለቱም እንደሚጠየቁ፣ ከሁለቱም ጠባቡ እንደሚያሸንፍ ማስታወስ ያስፈልጋል። በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ፈቃድን የማይመለከት ሌላ ወጥመድ አለ። በተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶች የፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ የማይችል ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ዊንዶውስ ያለ ችግር የተቀበለው መቶ ፊደላት ያሉት የአማርኛ ርእስ ወደ ሊኑክሱ ሲገለበጥ ይከሽፋል፤ ጣሪያው 85 ፊደል ነው። ይህንንም በኤስኤምቢ 1 ሊፈውስ የሞከረ ሰው አይቻለሁ።

በግንቦት 2017 በብሪታንያ ሆስፒታሎችን ጭምር ያሽመደመደው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የተሠራጨው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ስለነበር የታደሰ ማሽን በዚያ ቀዳዳ አይጠቃም፤ ነገር ግን ኤስኤምቢ 1 የሚተላለፈውን ፋይል የሚያመሰጥርበት መንገድ በሦስተኛው ትውልድ ደረጃ የለውም፤ ይህ ደግሞ በእድሳት የሚስተካከል ጉድለት አይደለም።

ከኤስኤምቢ 1 ሌላ የማያውቁ መሣሪያዎች መኖራቸውን አልክድም፤ በተለይ ስካን ያደረጉትን ወረቀት ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጡ አሮጌ የቢሮ ማሽኖች። እንዲህ ያለው ማሽን በኤፍቲፒ ወይም በኢሜይል መላክ የሚችል ከሆነ ቅንብሩን ወደዚያ መለወጥ ይቀድማል። የማይቻል ከሆነ፣ ኤስኤምቢ 1ን ምንም ጠቃሚ ሰነድ በሌለበት፣ ከኢንተርኔት በተለየ አንድ ማሽን ላይ ብቻ ማብራት ይቻላል። በዊንዶውስ ውስጥ የኤስኤምቢ 1 ደንበኛው (ፋይል የሚጠይቀው ክፍል) እና ሰርቨሩ (ፋይል የሚሰጠው ክፍል) ለየብቻ የሚመረጡ ስለሆኑም፣ ከአሮጌ ማከማቻ ፋይል ማንበብ ብቻ የፈለገ ሰው የሰርቨሩን ሳጥን ምልክት ሊያደርግበት አይገባም።