ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በፊት ኪሎ መቀነስ፦ ስለ ጉበት ዳይት

ለውፍረት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ ግራ ያጋባዋል። «ኪሎ ቀንስና ና» ይሉታል። መቀነስ ብችልማ መች ወደ እናንተ እመጣ ነበር ብሎ የሚናደደው ብዙ ነው፤ ቢናደድም አይፈረድበትም። ችግሩ ምክንያቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው አለመኖሩ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚታዘዘው ጥብቅ አመጋገብ ዋና ዒላማው ጉበት ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ወረቀት ላይም «የጉበት ማሳነሻ ዳይት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ለውጥ አብሮ የሚመጣ ነገር ነው።

ጉበት ከጨጓራ ጋር ምን አገናኘው? የጉበት የግራ ክፍል የጨጓራን የላይኛውን ጫፍ ከፊት ለፊት ይሸፍነዋል። ስሊቭም (አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ማውጣት) ሆነ ባይፓስ (ጨጓራውን አሳንሶ በአቋራጭ ከትንሹ አንጀት ጋር ማገናኘት) ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በላፓሮስኮፒ ነው። ሆድ አይከፈትም፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱና በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ ይገባል። ሐኪሙ ጨጓራውን ለማየት ጉበቱን በብረት መሣሪያ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ሥራው እስኪያልቅም እንደተነሣ ይቆያል። ውፍረት የበዛበት ሰው ጉበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስብ ያጠራቀመ ነው። ትልቅና ከባድ ነው፣ ጠርዙ ያበጠ ነው፣ ሲያነሡት በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ካሜራው ሲገባ ከፊት የሚታየው ቢጫ ጉበት ብቻ ከሆነና ጨጓራው ጋ መድረስ ካልተቻለ፣ ሐኪሙ ወይ ሆድ ከፍቶ ይሠራል ወይ ሥራውን አቁሞ ይዘጋል። ከሰመመን ነቅቶ «አልተሠራልህም» መባል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ደግነቱ ጉበት ቶሎ ይሰማል። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሟጠጠው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት ነው። አንድ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎው ዘጭ የሚለውም በከፊል ለዚህ ነው። ከዚያ በጉበት ውስጥ ያለው ስብ መቅለጥ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣ ጥናት 32 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ምግብን በሚተካ የሚጠጣ ዝቅተኛ ካሎሪ ሼክ አቆይቶ ጉበታቸውን በምስል ይለካ ነበር። ጉበታቸው በአማካይ ወደ 19 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚህ ለውጥ 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ብዙ ቦታ ሁለት ሳምንት የሚታዘዘው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም ማለት ነው። በጣም ብዙ ኪሎ ላለው ወይም ጉበቱ በጣም ለሰባ ሰው ግን አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊታዘዝ ይችላል።

በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ባይፓስ የሚሠሩ 298 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ ለ14 ቀን ዳይቱን ያዘ፣ ግማሹ እንደወትሮው በላ። ዳይት የያዙት በአማካይ 5 ኪሎ ያህል ቀነሱ። የኦፕራሲዮኑ ሰዓት አላጠረም። ሐኪሞቹ ግን ሥራው ቀለለን አሉ፣ በ30 ቀን ውስጥ የታዩት ችግሮችም ዳይት በያዙት 8፣ ባልያዙት 18 ነበሩ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 1200 ይፈቅዳሉ። ካርቦሃይድሬት ይወርዳል፣ ስብ ይወርዳል፣ ፕሮቲን ግን አይነካም፤ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይፈለጋል። አንዱ መንገድ ቫይታሚንና ማዕድን ተሟልቶ የተዘጋጀ ሼክ ነው። ሌላው ወተት ነው፤ በእንግሊዝ አንዳንድ ሆስፒታሎች ስቡ የተቀነሰ ወተት እየተለካ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል፣ ከሱ ጋር ውሃና የቫይታሚን ክኒን፣ በቃ። ያሰለቻል፣ ግን ርካሽ ነው፣ ስሌትም አይጠይቅም። ሦስተኛው ተራ ምግብ ተለክቶ ነው። ጠዋት ስኳር የሌለው እርጎ፣ ምሳ ላይ መዳፍ የሚያህል የዶሮ ደረት ከጎመንና ከሰላጣ ጋር፣ ማታ ሁለት ቅቅል እንቁላል ወይም ዓሣ፣ ዘይቱ በሻይ ማንኪያ እየተለካ። በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ፈሳሽ ይጠጣል። ቡና ያለ ስኳር ይቻላል። ለስላሳ፣ ጁስና አልኮል ግን ጨርሶ የለም።

ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ጋ ልብ በሉ። የሚሰጣችሁ ወረቀት ስለ ዳቦ፣ ድንችና ፓስታ እንጂ ስለ እንጀራ አያወራም። እንጀራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ ጤፍ መሆኑ ጥሩ ቢሆንም ለነዚህ ሳምንታት ከዳቦው ጋር ነው የሚቆጠረው። የጾም ምግብ ቀላል ነው የሚለው እምነትም እዚህ አይሠራም። ሽሮው ዘይት ጠግቦ በሁለት እንጀራ ከተበላ ጉበቱ የሚያርፍበት ጊዜ የለም። ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ ከወደቀ ወተቱም እንቁላሉም ጥያቄ ያስነሣልና ቀደም ብሎ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነው፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት። እንስሳ ነክ ያልሆነ የፕሮቲን ሼክም ስላለ የአመጋገብ ባለሙያውን ጠይቁ። ረመዳን ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ከዚህ ዳይት ጋር አይሄድም።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ይከብዳል። ራስ ምታት፣ ብስጭት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የአፍ ጠረን መለወጥ፣ የሆድ ድርቀት ይኖራል። ለአብዛኛው ሰው ከዚያ በኋላ ረሃቡም ድካሙም ይበርዳል። ደጋግሞ ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የማያቆም ትውከት ግን የዳይቱ ባሕርይ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ያን ጊዜ ሐኪም ጋ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ዳይት ያለ ክትትል የሚያዝ አይደለም፣ በተለይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚውጥ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን በአንድ ጊዜ ቀንሶ መድኃኒቱን እንደነበረ ከቀጠለ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር ክኒኖች ደግሞ ከዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ጋር ሲገናኙ ደሙ ስብ ሲቃጠል በሚወጣው ኬቶን በተባለ አሲድ እንዲመረዝ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ክፋቱ በመሣሪያ ሲለካ ስኳሩ ደህና ሊመስል መቻሉ ነው። የደም ግፊትና ሽንት የሚያበዛ ክኒንም መጠኑ መታየት አለበት። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ይመረመራል። የኩላሊት ሕመም፣ ሪህ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ቶሎ መክሳት የሐሞት ጠጠርም ያመጣል።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፈሳሽ የፕሮቲን ዳይት እንደ ጉድ ይሸጥ ነበር፤ ፕሮቲኑ ጥራት የሌለው፣ ማዕድኑም የጎደለው ነበር፣ ሰዎችም ለወራት ያለ ሐኪም ይጠጡት ነበር። በ1977 እና በ1978 በልብ ምት መዛባት የሞቱ በርካታ ሰዎች ሪፖርት ተደረጉ። የዛሬዎቹ ሼኮች ቫይታሚንና ማዕድናቸው የተሟላው ከዚያ በተወሰደ ትምህርት ነው። ስለዚህ በሁለት ሳምንቱ ምትክ ሳውና ገብቶ ማላብ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ ወይም ሎሚ በሙቅ ውሃ ብቻ እየጠጡ መዋል አይቻልም። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ጉበቱ እንደሰባ ይቆያል፣ ሰውየው ደግሞ ተዳክሞ ሰመመን ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የጤና ኢንሹራንሶች ቀዶ ሕክምናውን ከመፍቀዳቸው በፊት ለወራት፣ ብዙ ጊዜ ለስድስት ወር፣ ዳይት ላይ ቆይታችሁ አሳዩን ይላሉ። የአሜሪካ የሜታቦሊክና ባሪያትሪክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሳይንሳዊ መሠረት የሌለውና አድሏዊ ብሎ በግልጽ ተቃውሞታል። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ሁለት ሳምንት ለጉበት ብሎ መታገሥ አንድ ነገር ነው፤ የታመመን ሰው ፈቃደኝነቱን በረሃብ አስመስክር ብሎ ማጉላላት ሌላ ነው።

እንደ ኦዜምፒክ ያለ የስኳርና የውፍረት መርፌ የምትወስዱ ከሆነ ለሰመመን ሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትገቡ። መድኃኒቱ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ፣ ሰመመን ውስጥ ሳላችሁ የጨጓራው ይዘት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መቼ እንደሚቆም ወይም እንደሚቀጥል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በመጨረሻው ቀን ብዙ ቦታ ፈሳሽ ብቻ ይፈቀዳል። በኦፕራሲዮኑ ዕለት ማለዳ የሚወሰደው ክኒን የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀጠሮው ከተራዘመ ደግሞ ዳይቱን በራሳችሁ አትቀጥሉ፣ በድግስም አትስበሩት። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታሉ ጋ ደውሉና እስከ አዲሱ ቀን ምን እንደምትበሉ፣ የተቀነሰው መድኃኒትም ወደ ድሮው መጠን ይመለስ እንደሆነ ጠይቁ።