የአዲስ አበባ ዳርቻ ጅረቶችና በጎ ፈቃደኞቻቸው

በአዲስ አበባ ዙሪያ የጅረት ጥበቃ የሚባለው፣ ነዋሪዎች ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች የሚወርዱትን ትንንሽ ውሃዎች ለማዳን ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ ነው። ቆሻሻ መልቀም አለ። ችግኝ መትከል፣ ክትር መሥራት፣ ምንጭ ማጠር አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ተከላውን ብቻ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው እሱን ነዋ።

ውሃዎቹ

ከተማዋ የተቀመጠችው ተዳፋት ላይ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ቀጨኔም እየሮጡ ነው የሚወርዱት። የምሥራቁና የመሐሉ ውሃ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ የምዕራቡ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ሁለቱ አቃቂዎች ጣልያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት አባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአፋርና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ቀበና ላይ የተጣለ ፌስታል ወደ ባሕር የሚወጣበት መንገድ የለውም ማለት ነው።

የቦታዎቹ ስም ራሱ ውሃ ውሃ ይላል። ለገዳዲና ለገጣፎ ላይ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። (ለገሃር ግን ዘመዳቸው አይደለም። እሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ የባቡር ጣቢያ ነው።)

ስለ ዓሣ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሌሎች አገሮች የጅረት በጎ ፈቃደኞች የሚሰባሰቡት ብዙ ጊዜ ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። እኛ አገር ትራውት ያለው ባሌ ነው። ከኬንያ መጥቶ ዌብና ዳንካን በመሳሰሉ ወንዞች ተለቀቀ፤ እዚያው ለመደ። የእንጦጦ ጅረቶች ትራውት የላቸውም። እዚህ የውሃው ጤና የሚታወቀው ድንጋይ በመገልበጥ ነው። ከላይ፣ ቤት ሳይጀምር፣ የተገለበጠ ድንጋይ ሆዱ ላይ ጠፍጣፋ፣ ጭራቸው ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ ትንንሽ እጮች ይሯሯጣሉ። እነዚህ ንጹሕ ውሃ ካላገኙ አይኖሩም። ወደ ከተማው ወርዶ ያንኑ ማድረግ ነው፤ ጥቁር ጭቃና ቀይ ትላትል የሚመስሉ የትንኝ እጮች ብቻ ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ቀበናና አቃቂ ላይ ያጠኑትም ይህንኑ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ይህን ለልጆች ያሳየ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ብክለት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ታሪክ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው ወጨጫ ላይ አስተከሉ ይባላል። የዛሬው የመናገሻ ሱባ ደን የዚያ ቅርስ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ቶሎ አለቀ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጣ፤ ከተማዋንም ከመሰደድ አዳናት። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ጣጣው የመጣው ቆይቶ ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል አያደርቅም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው ሥሩ ያለው መሬት ነው። የወደቀው ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ውሃው አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ይጋልባል። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ ቦይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቅጠሉን በጀርባቸው የሚያወርዱትን እናቶች መውቀስ ግን ትክክል አይደለም። ሌላ እንጀራ ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው።

ጽዳትም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጥናል። ልማዱ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያስተማረው ነው። ዛሬ የሚቃጠለው ግማሹ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ አንዳንድ የጅረት ቡድኖች በዚያ ቀን ከማጠን ይልቅ ለቅሞ በጆንያ ማውጣትን ይመርጣሉ። ሽማግሌዎች ደስ አይላቸውም።

በደርግ ዘመን በከተማዋ ዙሪያ የማገዶ ደን በሰፊው ተተክሏል።

በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር እንጦጦ ላይ ወደ 1,300 ሄክታር ገደማ ተረክቦ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ መተካት ጀመረ። ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ እየተመላለሱ ቀንበጡን መስበር ያስፈልጋል። በዚህ ትዕግሥት ነው ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው የተመለሰው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ይዟል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ

ነገሩ የተለወጠው በ2011 ነው። መንግሥት «ሸገርን ማስዋብ» ያለውን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ተገመተ። ለዚህ ገንዘብ ማሰባሰቢያ «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ተዘጋጀ፤ የአንድ ሰው ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ቁጥሩን የተጠራጠሩም አልጠፉም። የሚያከራክር የሌለው፣ በዚያ ክረምት አካፋ ያልያዘ የቢሮ ሠራተኛ ማግኘት ከባድ እንደነበር ነው።

ከዚያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የቀበናን ዳርቻ ነካ። ጅረቱ ድሮ ጀርባ ነበር፤ የቤቱ ሁሉ ሽንት ቤት ወደ እሱ ነው የዞረው። አሁን ፊት ሆኗል። ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ውሃው ራሱ ግን ገና አልጠራም። ለእግረኛ መንገድ የተሠራውን ያህል ለፍሳሽ መስመር መሠራት አለበት የሚለው ክርክር ይቀጥላል። ለልማቱ ከዳርቻው የተነሡት ሰዎች ጉዳይም እንዲሁ።

ሥራው እንዴት ይሠራል

አደረጃጀቱ ተራ ነው። አንዳንዱ ቡድን ከእድር ይወጣል፣ አንዳንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዱ ከቅዳሜ ተራራ ወጪዎች። ክረምት ላይ በቀበሌና በወረዳ የሚጠራው የወጣቶች በጎ ፈቃድ ይጨመርበታል። ወጣ ወዳሉት ገጠሮች ደቦ ማለት ይበቃል፤ ማብራሪያ አይጠየቅም።

ጉድጓድ የሚቆፈረው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፤ አፈሩ እንዲናፈስ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሲገባ ይተከላል። ከወንዙ ዳር አኻያ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ጥቁር እንጨትና ወይራ፣ ከላይ ኮሶና ቀርከሃ ይመረጣል። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በትንሽ ስህተት ነው። የቢሮ ሰው ሲቸኩል ችግኙን ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋል። ሥሩ መውጫ ያጣና እዚያው ይጠማዘዛል፤ ታኅሣሥ ላይ ሲነቅሉት እንደ ክር ድውር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች አንድ ሰው ባዶ ፕላስቲክ እንዲቆጥር ያደርጋሉ። 200 ችግኝ ተተክሎ 200 ፕላስቲክ ካልተመለሰ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ለተሸረሸረ ቦይ ክትር ይሠራል። ድንጋይ ተደርድሮ፣ በደህናው ጊዜ ደግሞ ጋቢዮን በሚባለው የሽቦ ሳጥን ተሞልቶ፣ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይቀመጣል። መሐሉ ዝቅ ማለት አለበት። ካልሆነ ውሃው ጎኑን ቆርጦ ይሄዳል። እኔ ያለሁበት ቡድን የሠራው የመጀመሪያ ክትር መሐሉ ጎበጥ ያለ ነበር፤ በሁለት ዝናብ ተጠቅልሎ ወረደ።

አስቸጋሪው በጋው ነው። ሐምሌ ላይ 300 ሰው ይመጣል፤ ጥር ላይ ሰባት። አንድ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ከነካሜራው መጥቶ ያለፈው ዓመት ችግኝ ያለበት ቦታ ላይ ደርቦ ተክሎ ሄደ። ለውሃ ማጠጣት የመጣ ካሜራ እስካሁን አላየንም።

ሕግና ወሰን

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ፍሳሽ መልቀቅን ይከለክላል። አፈጻጸሙ ሌላ ነገር ነው። በትንሹ አቃቂ ዳርቻ ካሉ ፋብሪካዎች የሚወጣውን በጎ ፈቃደኛ ሊያቆመው አይችልም፤ ጓንት አድርጎ ኬሚካል አይለቀምም። በዚያ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ገበያ ይወጣል። አብዛኞቹ ቡድኖች ከላይኛው ጅረት ላይ የሙጥኝ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳይ ወሰን ነው። ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባን የከበቡት ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታና ሌሎቹም በኦሮሚያ ሥር ሸገር ከተማ ተብለዋል። አንዱ ጅረት ከላይ የአንዱ፣ ከታች የሌላው ይሆናል። ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል። ችግኝ ጣቢያውም ሁለት ስለሆነ ግን አንዱ ወይራ ሲጨርስ ከሌላው ይለመናል። የበጋው ማጠጫ ውሃ የሚቀዳው፣ ጅረቱ ካልደረቀ፣ ከራሱ ከጅረቱ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ችግኝ ያጠጣል።