በዌብ ሰርቨር ላይ የሚጻፉ የመግቢያ ፈቃድ ሕጎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የሆቴሎችንና የአስጎብኚ ድርጅቶችን ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ሰርቨሩ ላይ የሚያሰፍሯቸው፣ ማን የትኛውን ገጽ ማየት እንደሚችል የሚወስኑ የመግቢያ ፈቃድ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የተቀዱ ናቸው። መቅዳቱ ባልከፋ፤ ሰርቨሩ ያንን ሕግ እንዴት እንደሚመዝን ሳይረዱ መቅዳት ግን ተዘግቷል የተባለውን ገጽ ክፍት አድርጎ ያስቀራል።

«ሁለት ሕግ ከጻፍኩ ሁለቱም መሟላት አለባቸው»

አፓቼ በተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር 2.4 እትም ላይ ይህ እውነት አይደለም። አንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣውን የማስተዳደሪያ ገጽ ለመጠበቅ «ሪኳየር አይፒ» (ከዚህ የኔትወርክ አድራሻ የመጣ ይግባ) ብሎ የሆቴሉን የውስጥ አድራሻ፣ ከሥሩም «ሪኳየር ቫሊድ ዩዘር» (ትክክለኛ ይለፍ ቃል ያለው ይግባ) ብሎ ቢጽፍ፣ ሰርቨሩ የሚረዳው ከሁለቱ አንዱ እንደሚበቃ ነው። ከ12ቱ የፋሲል ግቢ በሮች በየትኛውም የገባ ሰው ግቢው ውስጥ እንደሚገኝ ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉን ያገኘ ሰው ከየትኛውም አገር ይገባል፤ በሆቴሉ ዋይፋይ የተገናኘ እንግዳም ያለ ምንም ይለፍ ቃል የሌሎችን እንግዶች ዝርዝር ያያል። ሁለቱንም ለማስገደድ ሕጎቹ «ሪኳየር ኦል» በተባለው ማቀፊያ ውስጥ መግባት አለባቸው። ኤንጂንኤክስ የተባለው ሌላው የሰርቨር ሶፍትዌር በተቃራኒው «ሳቲስፋይ ኤኒ» (አንዱ ይበቃል) ካልተባለ በቀር ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው የተሻገረ ባለሙያ የሚሳሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«መጨረሻ ላይ የተጻፈው ሕግ ያሸንፋል»

ኤንጂንኤክስ ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ በገጠመው ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ «ዲናይ ኦል» (ሁሉንም ከልክል) ከላይ ከተቀመጠ ከሥሩ የተዘረዘሩት ፈቃዶች በሙሉ ከንቱ ናቸው። በቀድሞው የአፓቼ እትም በ2.2 ደግሞ የሚወስነው የመስመሮቹ አቀማመጥ ሳይሆን፣ ፈቃድና ክልከላ የሚታዩበትን ቅደም ተከተል የሚያዘው የ«ኦርደር» ትእዛዝ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.4 ይህን አሠራር በ«ሪኳየር» ቢተካውም፣ አሮጌዎቹ ትእዛዞች ለተኳኋኝነት ሲባል ዛሬም ይሠራሉ፤ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ፋይል መቀላቀል ግን ያልታሰበ ውጤት ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይመከርም።

«ሮቦትስ ቲኤክስቲ ላይ ከከለከልኩ ገጹ ተዘግቷል»

ይህ ፋይል የተጠቀሱትን ገጾች እንዳይጎበኙ ለመፈለጊያ ሞተሮች የሚቀርብ ልመና እንጂ ክልከላ አይደለም። እንዲያውም ማንም ከፍቶ ሊያነበው ስለሚችል የተደበቁትን ማውጫዎች አድራሻ ይናገራል።

«አይፒ ማገድ የሚጎዳው አጥፊውን ብቻ ነው»

ብዙ የሞባይል ተጠቃሚዎች በአንድ የጋራ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት ስለሚወጡ፣ ለጥምቀት ክፍል ሊይዙ የሚሞክሩ ንጹሐን አብረው ሊታገዱ ይችላሉ። ሰርቨሩ ከፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ከሚያስተላልፍ መካከለኛ ሰርቨር) ኋላ ከሆነ ደግሞ የሚያየው የፕሮክሲውን አድራሻ ነው። እውነተኛውን አድራሻ ከጥያቄው ጋር ከሚላከው «ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር» ከተባለው መስመር መውሰድ የሚቻለው ከታመነው ፕሮክሲ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያንን መስመር ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላልና።

«የቅንብር ፍተሻው ካለፈ ሕጉ ይሠራል»

ፍተሻው የሚያረጋግጠው የአጻጻፉን ትክክለኛነት ብቻ ነው። ከሆቴሉ ዋይፋይ ወጥቶ በሞባይል ዳታ፣ መጀመሪያ ያለ ይለፍ ቃል፣ ቀጥሎም በትክክለኛው ይለፍ ቃል መሞከር ያስፈልጋል፤ ገጹ ያለ ይለፍ ቃል ከተከፈተ ሕጉ ጨርሶ አልሠራም፤ በአፓቼ ላይ በይለፍ ቃሉ ከተከፈተ ደግሞ «ሪኳየር ኦል» የተባለው ማቀፊያ ተረስቷል ወይም ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው።